ዋናው ወገብ ነው

ሙና መሞቷን የሰማሁት አብራ በሚሏት የዱባይ መሻገሪያ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ነው። ከቡር ዱባይ ወደ ዴራ ስሻገር፣ ጀልባዋ ክሪኩን፣ ከተማዋን የሚከፍለውን የባሕር ሰርጥ፣ አጋምሳ ሳለች ስልኬ ጠራ። ራህመት ናት፤ አል ቁሰይስ አንድ ክፍል ውስጥ እሷ የላይኛውን፣ እኔ የታችኛውን አልጋ ተከራይተን ዓመታት አብረን የኖርን የደሴ ልጅ።

«ሙና ሞታለች» አለችኝ። «ደም ግፊቷ ነው አሉ። አጅማን፣ ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነው የወደቀችው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። አፍ የለመደውን ይላል።

«ነፍስ ይማሩ ይቆየን። አንቺ ከኔ ቀድመሽ ነው የምታውቂያት፤ አንድ ነገር ንገሪኝ። ሙና ምን ነበረች?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሙስሊም ናት ክርስቲያን? የሆስፒታሉ ሰውዬ አስከሬኑን ለማን ላስረክብ እያለኝ ነው። ወረቀቷ ሙስሊም ይላል። የኛ ሰው ወረቀት ምን እንደሚል ደግሞ አንቺም እኔም እናውቃለን።»

እናውቃለን እንጂ። እዚህ አገር ፋጡማ ተብላ ገብታ፣ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስትሳለም ያገኘኋት ስንት አስካለ አለች።

ራህመት በሃይማኖቷ ቀልድ አታውቅም። «ሙስሊም ከሆነች» አለችኝ ረጋ ብላ፣ «ማጠቡም፣ መከፈኑም፣ ሶላቱም የኛ ዕዳ ነው። ጥቂት ሰው ካደረገው ለሁላችን ይበቃል፤ ማንም ካላደረገው ግን ሁላችንም እንጠየቅበታለን። ክርስቲያን ከሆነች ደግሞ ባላመነችበት ልሰግድባት አልችልም። ቄስ ፈልጉላትና ይፍታት። ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በፊት መልስ ስጪኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ውሃውን እያየሁ አሰብኩ። አገራችን ላይ የሞተ ሁሉ ደግ ነው። ሰካራሙ «ተጫዋች ነበር» ይባላል፤ ነገረኛዋ «ግልጽ ነበረች» ትባላለች። እኔ ግን ሙናን እንደነበረች ነው የምነግራችሁ። ደግ አልነበረችም። ክፉ ተብላ ለመፈራትም የሚበቃ ነገር አልነበራትም።

ለአበሾቹ ሙናዬ ነበረች፣ ለአረቦቹ ሙኒራ፣ ለኤጀንሲው ኡስታዛ፣ አስተማሪዋ። ለጎጃሞች ወሎዬ ነኝ ትላለች፣ ለወሎዎች ጎጃሜ። ሸዋ የመጣ እንደሆነ ደግሞ «እኔ እንኳ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት» ብላ ትሸሻለች። እጅጌው ላይ ፈርጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አባያ ነበራት። የሽቶዋን ነገር ተዉት፤ እሷ ሳትደርስ ሽታዋ ሊፍቱ ውስጥ ገብቶ ይጠብቀናል።

ሹግሏ፣ ሥራዋ ማለቴ ነው፣ ምን መሰላችሁ? አንዳንድ ቤቶች ሙስሊም ሠራተኛ ካልሆነች አንቀበልም ይላሉ። ኤጀንሲው ደግሞ «ሁሉም ሙስሊም ናቸው» ብሎ ያመጣል። ከአገር ቤት የመጡት ልጆች ግማሹ ማተባቸውን ኤርፖርት ላይ የበጠሱ ናቸው። እነዚህን በአንድ ዓርብ ከሰዓት ሙስሊም የምታደርግ ሙና ነበረች። ቦታው እሷም አንድ አልጋ የተከራየችበት የኛው ክፍል ነው። በአልጋዎቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አንሶላ አንጥፋ፣ ከቁም ሳጥን የልብስ መስቀያ አውጥታ ትይዛለች። ቃዲዋም እሷ፣ መምህሯም እሷ፣ መስቀያው ደግሞ ጅራፏ።

«በመጀመሪያ ሸሃዳ» ትላለች። «ከአላህ በቀር አምላክ የለም፣ ሙሐመድ መልእክተኛው ነው። ይቺን በዓረብኛ እንደ ስልክ ቁጥር ያዙልኝ። ከእንቅልፍ ብትቀሰቀሱ ሳትደናቀፉ እንድትሉ።»

ልጆቹ ይላሉ። አንዳንዷ ትርጉሙ ገብቷት እንባዋ ይመጣል፣ አንዳንዷ እንደ ኤ ቢ ሲ ዲ ታነበንባለች።

«ቀጥሎ ሶላት። ንጋት ሁለት ዙር ስግደት፣ ቀትር አራት፣ ከሰዓት አራት፣ ጀንበር ስትገባ ሦስት፣ ማታ አራት። መጀመሪያ ውዱእ፣ መታጠቡ፦ እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ እስከ ክርን፣ ራስ፣ እግር። ማዳም በር ላይ ቆማ ልታይሽ ትችላለች፣ ከእግር እንዳትጀምሪ። ያላ፣ ቁሙ። አጎንብሱ። ዝቅ። ዝቅ በይ አንቺ!» ይኼኔ መስቀያው ወገቧ ላይ ነው።

ራህመት ከላይኛው አልጋ ሆና ይኼን ሁሉ ትሰማለች። አንድ ቀን አላስቻላትም።

«እትዬ ሙና፣ ኒያውስ፣ የልብ ሐሳቡስ የታለ? ያለ ኒያ ሶላት የለም እኮ። ልብሽ ለማን እንደሚሰግድ ካላወቀ ስፖርት ነው የሠራሽው።»

ሙና ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። «የልብሽን ማዳም አታየውም የኔ እመቤት። ወገብሽን ግን ታያለች። ዋናው ወገብ ነው።»

ዋናው ወገብ ነው። ይኼ ነው የሃይማኖቷ መጀመሪያና መጨረሻ። ጾሙን ስታስተምር «ሻወር ቤት ቧንቧ አለ፤ ሰው ውሃ እየጠማው የሚሞትበት ምክንያት የለም» ትላለች። ዘካን «ከሀብታም ወስዶ ለድሃ መስጠት ነው፤ ድሆቹ እናንተ ናችሁ፤ እጅ መዘርጋት፣ ኸላስ» ትላለች። ሐጅ ላይ ስትደርስ መስቀያዋን አስቀምጣ ሱፍ መፈልፈል ትጀምራለች። «እሱ ለቻለ ነው። ከጠየቋችሁ ኢንሻአላህ ብላችሁ ጣራ ጣራ ማየት ነው።»

ዴራ ውስጥ የውሸት ሰዓት የሚሸጡ ልጆች አሉ። እጅጌህን ይዘው ወደ ጓዳ ይወስዱህና «ይኼ ኮፒ ነው» ብለው ነግረውህ ይሸጡልሃል። ሙና የነሱን ያህል እንኳ ታማኝ አልነበረችም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስሜንም ማተቤንም ሳልቀይር ነው የኖርኩት። ግን የሰው ሶላት አንሶላ ላይ በልብስ መስቀያ ሲነዳ ሳይ እኔን አሳፍሮኛል። ራህመት ንጋት ላይ ማንንም ላለመቀስቀስ በጣቷ እየዳሰሰች ምንጣፏን ስታነጥፍ እሰማት ነበር። እሱንም ሶላት ይሉታል፣ ይኼንንም ሶላት ይሉታል።

ታዲያ እሷስ በምን ታምን ነበር? አንድ ቀን ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መሃል ቆመብን። መብራቱ ጠፋ። እኔ፣ ራህመትና ሙና ነን። ራህመት «ያ አላህ» አለች። እኔ «እመቤቴ ማርያም» አልኩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሰው ልብ አምልጦ ይወጣልና፣ ሙና ማንን እንደምትጠራ ለማወቅ በዚያ ሁሉ ፍርሃቴ ውስጥ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ሻፊ!» ብላ ጮኸች። «ሻፊ!»

ሻፊ የሕንጻው ዘበኛ ነው።

እንግዲህ ይቺ ሙና ናት። ይቺን ሙና ይዘን ነው ትርሲት ጋ የምንደርሰው።

ትርሲት የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ወረቀቷ ላይ ሰአዳ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የነገሯትን የማትረሳ። ሙና በአንድ ዓርብ አስተምራ ሻርጃ ውስጥ ላለች ማዳም አስረከበቻት። ቤቱ ውስጥ ማዳም፣ ባሏ፣ ልጆቿና አሮጊት እናቷ አሉ። አሮጊቷን ቤተሰቡም ሠራተኛውም ሐጃ ነው የሚላት፤ መካ ሄዳ የተመለሰች ናትና። ወጣት ሹፌርም አለ። ይኼን ያዙልኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ዓርብ ሙና አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሱፍ ስትፈለፍል ስልኳ ጠራ። ሰው እንዲሰማላት ስለምትወድ ሁልጊዜ በድምጽ ማጉያ ነው የምታወራው። ትርሲት ናት።

«እትዬ ሙና፣ ጉድ ሆኛለሁ። ክሊኒክ አምጥተው ደም ቀዱኝ። ነፍሰ ጡር ነሽ ይሉኛል።»

«ነሽ እንዴ?»

«ኧረ በእመብርሃን፣ ወንድ የት አግኝቼ!»

«በእመብርሃን አትበይ፤ አንቺ ሰአዳ ነሽ» አለች ሙና። ቤት እየተቃጠለ መጋረጃ እንደሚያስተካክል ሰው።

«ማዳም ‹ከመጣሽ ጀምሮ አንድ ቀን ሶላት አላቋረጥሽም፣ ይኼ እንዴት ይሆናል?› ትለኛለች። ሹፌሩንም አስቁመው እየጠየቁት ነው። ምን አጠፋሁ እትዬ ሙና? እንዳልሽኝ በርትቼ ነው የሰገድኩት። አሞኝ እንኳ አላቋረጥኩም።»

ራህመት ከላይ ግንባሯን በመዳፏ መታችው። እኔም ወዲያው ገባኝ፤ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደገች ሴት ይኼ አይጠፋትም። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ አትሰግድም፣ አትጾምም። ጾሙን በኋላ ትከፍላለች፣ ሶላቱ ግን ይተውላታል፤ አትጠየቅበትም። ሴቶች በሚኖሩበት ቤት ምንጣፍ ሲነጠፍ ማን ፈንጠር ብላ እንደተቀመጠች ይታያል፤ ማንም ምንም አይልም፣ ሁሉም ያውቃል። ወር መጥቶ ወር ሲሄድ አንድ ቀን ያላረፈች ልጅ ታዲያ ምን ልትባል ነው? ወይ አርግዛለች፣ ወይ ሙስሊም አይደለችም። ማዳም የመጀመሪያውን ነው የጠረጠረችው። እዚህ አገር ያለ ባል ያረገዘች ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቃት ለናንተ አልነግራችሁም።

«ሁሉንም አስተምረሻት» አለች ራህመት ከላይ፣ «ሴት መሆኗን ብቻ ነው የረሳሽው።»

ሙና ሳቀች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሳቀች። «ውይ! እሱን ዘለልኩት እንዴ?»

እንዴት አትዘለው። ሰግዶ የማያውቅ ሰው መቼ እንደሚቋረጥ ከየት ይወቀው።

ከዚያ ድምጿን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ገባች። «ስሚኝ ሰአዳ። መጀመሪያ አልቅሺ። ከዚያ በሽታ አለብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አይመጣልኝም በይ። ዋላሂ ብለሽ ማዪላቸው። ዋላሂ ካልሽ ያምኑሻል።»

ራህመት ከላይኛው አልጋ እንዴት እንደወረደች አላየሁም። ስልኩን ከሙና እጅ ነጠቀች።

«እህቴ፣ ራህመት እባላለሁ፣ አታውቂኝም። በአላህ ስም በውሸት እንዳትምዪ። አንቺ የራስሽ አምላክ አለሽ፣ እሱን ይዘሽ እውነቱን ንገሪያቸው።»

«እውነቱን ከተናገረች» አለች ሙና፣ «ኤጀንሲው የሚያባርረው እኔን ነው!»

ልብ በሉልኝ። ልጅቱ ወደ አገሯ ትባረራለች አላለችም። ልጅቱ ትታሰራለች አላለችም። እኔን አለች። ስልኩ ውስጥ ትርሲት ይኼን ሰማች፤ ድምጽ ማጉያው ክፍት ነበራ። «ገባኝ» ብላ ዘጋችው።

የሆነውን በኋላ ራሷ ነች የነገረችኝ። ምርመራው ምንም የለም አለ። ማዳም እፎይ ከማለቷ በፊት ሁለተኛው ጥያቄ መጣባት፤ ታዲያ ለምን አላቋረጠችም? ቤት ይዘዋት ገብተው ሐጃ ፊት አቆሟት። ትርሲትም በተሰባበረ ዓረብኛዋ «እኔ ክርስቲያን ነኝ። ስሜ ትርሲት ነው። ሰአዳን የሰጡኝ ኤጀንሲው ናቸው» አለች።

ማዳም ጮኸች። ሐጃ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻት።

«ማነው ስገጂ ያለሽ?»

«አስተማሪዋ።»

«ለምን እንደሚሰገድ ነግራሻለች?»

«አልነገረችኝም። ዋናው ወገብ ነው ብላኛለች።»

ሐጃ ጉልበቷም ወገቧም ከጨረሰ ቆይቷል። የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ብቻ ዝቅ እያደረገች ነው፤ ለታመመና ላረጀ ይፈቀዳል። ወንበሯን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «እንግዲያው እኔ በሴትዮዋ ሕግ ከሰገድኩ ዘመን አልፎኛል» አለች።

ማዳም በማግስቱ ለኤጀንሲው ልትመልሳት ነበር። ሐጃ «የሚዋሹኝ ሞልተዋል፣ እውነት የነገረችኝ ይቺ ናት» ብላ ከለከለች። ለትርሲት ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ እኔን ብለሽ አትስገጂ። የራስሽን ጸልዪ። ሩዜን ግን አታሳርሪ» አለቻት። ማዳም ለብዙ ጊዜ ሰላም አላለቻትም፤ ልጅቱ ግን ሥራዋ ላይ ቀረች።

ሙናስ? ሙና እንደማትባረር ታውቁት የለም። እንዲህ ያለ ሰው አይባረርም። ትርሲት መትረፏን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ያንን የመሰለ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። ምቀኛ ባይገባበት እስካሁን ሰአዳ ነበረች።» ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ትምህርቷ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረች። ልጆቹ ፊት መስቀያዋን እያወዛወዘች «በወር በወር ጥቂት ቀን ታርፋላችሁ፤ ያው እንደ ዕረፍት ፈቃድ ነው» ማለት ጀመረች። ንስሐዋ ይኼ ነበር።

እንግዲህ ጀልባዋ ዴራ ደረሰች። ወርጄ ለራህመት ደወልኩላት።

«አሰብሽበት?» አለችኝ።

«አሰብኩ። ምንም አልነበረችም።»

«ምንም የሚባል ሃይማኖት የለም።»

«እኔ የማውቀውን ነው የነገርኩሽ። ስታማትብ አላየኋትም። ብቻዋን ስትሰግድም አላየኋትም። ሊፍቱ ውስጥ ማንን እንደጠራች ታስታውሻለሽ።»

በስልኩ ውስጥ የሆስፒታሉ ደወል ይሰማኛል።

«እኔ ፊት ሸሃዳ ስትል ግን ሰምቻታለሁ» አለች። «በየዓርቡ።»

«እያስተማረች እኮ ነው። እንደ ስልክ ቁጥር!»

«ምላሷ ብሏል። እኛ የተሰጠን የሰውን ምላስ መስማት ነው፤ ልብ ከፍተሽ እዪ ያለን የለም። አላመነችበት እንደሆነ ሒሳቡ የሷ ነው። አምናበት ሳንሰግድባት ከቀበርናት ግን ሒሳቡ የኛ ነው። እኔ በሷና በፈጣሪዋ መሃል አልገባም። ልናጥባት ነው።»

እኔ ብሆን ይኼን ፍርድ አልፈርድላትም ነበር። ያቺን ሴት እንደዚያ የናቀቻት ራህመት ግን ከማታውቃቸው ሁለት ሴቶች ጋር ገብታ ከቀኝ ጎኗ ጀምራ አጠበቻት፣ ጸጉሯን ሦስት ቦታ ጎነጎነችላት፣ ካፉር በሚሉት ዓይን በሚያቃጥል ሽቶ አሽትታ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻት። እኔ አጅማን ደርሼ በሩ ላይ ስጠብቃት፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። «አለቀስሽላት?» ብላት «ካፉሩ ነው» አለችኝ።

አጅማን መስጊዱ ማዶ፣ የአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሜ ሳለሁ ትርሲት ከታክሲ ወረደች። እኔ ነበርኩ የደወልኩላት፤ ትመጣለች ብዬ ግን አይደለም።

«ሐጃ እንዴት ፈቀደችልሽ?»

«‹ያቺ ወገብ ወገብ የምትለው ሴትዮ ናት?› አለችኝ። ናት አልኳት። ‹ሂጂ ሸኚያት፤ ለሞተ ሰው አይቀየሙም› አለች። እኔ ግን ተቀይሜያለሁ፤ መጣሁ እንጂ።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። መምጣቷንም መቀየሟንም ነው።

የአሱር ሶላት ሲያልቅ በድምጽ ማጉያው አንድ ነገር ተነገረ። የሞተች ሴት አለች፣ ሶላት ይሰገድባታል፣ ነው የሚለው። ሴት። ሙናዬ የለም፣ ሙኒራ የለም፣ ኡስታዛ የለም። ያን ሁሉ ልጅ ስም ስታስቀይር የኖረች ሰው፣ ሴት ተብላ ተጠራች። ሰዉ ሊበተን ነው ብዬ ስጠብቅ ማንም አልተነሳም። የኩባንያ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ሲሚንቶ እጃቸው ላይ የደረቀ ሠራተኞች እንኳ አልሄዱም። መስጊዱ ሞልቶ ስለነበር ደጅ ላይ የተሰለፉት ከኛ ይታያሉ። ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም። ይኼንንም በነጻ አገኘች ብዬ በልቤ ተናደድኩ።

ትርሲት ዓይኗን ከሰልፉ አልነቀለችም። ያንን ሁሉ ወር ሰግዳ የለ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በሰውነቷ ታውቀዋለች። አላሁ አክበር ተባለ፤ ቆመዋል። ደግሞ ተባለ፤ እንደቆሙ ናቸው።

«አያጎነብሱም እንዴ?» አለችኝ።

«ሬሳ ላይ ሲሰገድ ማጎንበስ የለም። ቆሞ ነው። ራህመት ነግራኛለች።»

ሶላቱ አልቆ ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው በፊታችን ሲያልፉ፣ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «እሱን አላስተማረችንም» አለች።

«እንዴት ታስተምራችሁ» አልኳት። «ማዳም የማታየው ሶላት ነው።»